የፈረንጅ ሸረሪት

እኔ የምነግደው ያረጀ ላስቲክ ነው። ጽጌረዳውን ፈረንጅ ይወስደዋል፤ ጽጌረዳው ተጠልሎበት ያደገውን ላስቲክ እኔ እወስደዋለሁ። የአበባ እርሻዎች በየጊዜው ላስቲካቸውን ይቀይራሉ። ፀሐይ ያገረጣውን፣ ነፋስ የተረተረውን አውርደው ጥግ ላይ ሲከምሩት፣ በአይሱዙ አስጭኜ ሰበታ ወደተከራየነው ግቢ አመጣዋለሁ። ከዚያ ቡራዩ ላሉ ብሎኬት አምራቾች የሲሚንቶ መሸፈኛ፣ ሱሉልታ ላሉ ገበሬዎች የድርቆሽ ክምር ማልበሻ ይሆናል። ድንኳኑ ያፈሰሰበት ደጋሽም በሩጫ ይመጣል። በእኔ ላስቲክ ሥር ስንቱ ተሞሽሯል፣ ለስንቱም ተለቅሷል። ምን እንደምሠራ ለሚጠይቀኝ «አበባ ዘርፍ ላይ ነኝ» እላለሁ። ውሸት አልተናገርኩም።

የንግዱ ዓይን ግን ባለቤቴ ነበረች። ሚስቱን የሚያሞግስ ባል ለመምሰል አይደለም፤ ሥራው እንዲያ ስለሆነ ነው። ያረጀ ላስቲክ ቀዳዳ አያጣም። ትልቁን ቀዳዳ ማንም ያየዋል፤ ደንበኛ የሚያሳጣው የመርፌ ጫፍ የሚያክለው ነው። እሷ አንዱን ጫፍ ለእኔ ትሰጠኝና ሌላውን ይዛ ከራሷ በላይ ወደ ፀሐይ ትዘረጋዋለች። ከዚያ ከሥሩ ገብታ፣ አንጋጣ፣ ቀስ እያለች ትሄዳለች። «እዚህ ጋ። እዚህም። እቺን ደግሞ አየሃት?» እኔ በከሰል እከብበዋለሁ። አየኋት እላለሁ እንጂ አላየኋትም። ሱሉልታ ያሉት ድርቆሽ ነጋዴዎች ላስቲክ ሲገዙ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ «እመቤቲቱ አይታዋለች?» ይሉኛል። አይታዋለች ካልኩ አይዘረጉትም።

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከሰበታ ወጣ ካለ አንድ እርሻ ላስቲክ ስንጭን፣ ባዶ የችግኝ ሳጥኖችም አሉ፣ ውሰዷቸው አሉን። ችግኙ ከውጭ አገር የሚመጣባቸው ናቸው። ውስጣቸው ጥቁር፣ እርጥብ፣ አፈር የሚመስል ነገር ተጣብቋል። ነጋዴ በነፃ የተሰጠውን ለምን አይልም። ባለቤቴ አንዱን ሳጥን ገልብጣ ስታራግፍ ከአፈሩ ውስጥ አንዲት ሸረሪት ወጣች።

ከትንሿ ጣት ጥፍር አትበልጥም። ቡናማ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ፈዘዝ ያለ መስመር አላት። ከኋላዋ ደግሞ ምስር የምታክል ነጭ እንክብል ተለጥፋባት ትጎትታለች። እንደ ሌሎቹ ሸረሪቶች ጥግ ፈልጋ አልተደበቀችም፤ ሸክሟን ይዛ ሜዳውን አቋርጣ ሮጠች።

የእርሻው የተክል ጤና ባለሙያ፣ እኛ የአበባ ሐኪም የምንላት ወጣት ሴት፣ ጭነቱን ልታይ አጠገባችን ቆማ ነበር። ጎንበስ ብላ አየቻትና በስልኳ ፎቶ አነሳቻት።

«ይቺ የእኛ አገር አትመስለኝም» አለች። «ከችግኙ ጋር የመጣች ነው የምትመስለው። አውሮፓ ረግረግ ዳር የምትኖር ትንሽዬ ዘር አለች። ተኩላ ሸረሪት ነው የሚሏቸው።»

«ተኩላ?» አልኩ። «ምን ልትበላ? በግ?»

«ድር አትሠራም። እየሮጠች ነው የምታድነው።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብለን ነው ያደግነው። ይቺ ድር ከሌላት ከማን ጋር ልታብር ነው?»

«ከማንም። ብቻዋን ናት።»

ባለቤቴ ሳጥኑን እንደያዘች «ብቻዋን የት አለች?» አለች። «የተሸከመችውን አታዩም እንዴ?»

የአበባ ሐኪሟ ሳቀች። እንክብሏ የእንቁላሏ ከረጢት እንደሆነች ነገረችን። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ እናትየዋ ጀርባ ላይ ይወጣሉ፤ ራሳቸውን እስኪችሉ እዚያው ናቸው፤ እሷም እንደተሸከመች ታድናለች አለችን።

«አዝላ ነዋ የምትሠራው!» አለች ባለቤቴ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሸረሪቷ ዘመዷ ሆነች።

ከውጭ የገባ ነገር በደንቡ መገደል እንዳለበት ባለሙያዋ እያስረዳችን ሳለ ስልኳ ጮኸ። መልሳ ስትዞር ሸረሪቷ የለችም። «ያለ ቪዛ ገባች» አልኩ፤ ጫኝ አውራጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር ነበር።

ሰበታ ግቢያችን ውስጥ ባለቤቴ ሳጥን ልታጥብ ስትል ከነእንክብሏ አገኘቻት። «ያቺ እንግዳ እዚህ ናት!» ብላ ጠራችኝ። ከዚያ ወዲያ ሸረሪቷ ከሳጥኖቹ ሥር ከረመች። ባለቤቴ ከሥራ ዐረፍ ባለች ቁጥር ሄዳ ታያታለች። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ሸረሪቷ ከጉድጓዷ አፍ ላይ ሆና እንክብሏን ወደ ፀሐዩ ታዞረዋለች።

«ና እየው፣ ታሞቀዋለች» አለችኝ። «እኔም ልጆቻችንን በር ላይ ቁጭ ብዬ እንዲሁ ነበር ፀሐይ የማሞቃቸው።»

«አንቺ ቅቤ ትቀቢያቸው ነበር» አልኳት።

«እሷ ቅቤ ከየት ታምጣ? አገሯ አይደለም።»

አንድ ቀን ላስቲክ ዘርግተን እሷ ከሥር አንጋጣ ስትሄድ ሸረሪቷ ከላስቲኩ ላይ ግንባሯ ላይ ወደቀች። በግራ ቅንድቧ በኩል ሮጣ ፀጉሯ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ በትከሻዋ ወርዳ ሄደች። ባለቤቴ መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥላ እስኪያማት ሳቀች። «ቤቷ መሰልኳት!» አለች።

ብዙም ሳይቆይ ግራ ግንባሯን አቃጠለኝ ማለት ጀመረች። ላዩ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ማበጠሪያ ሲነካት ታለቅሳለች፤ እሷ ደግሞ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ፀሐይ መትቷት ይሆናል አልን። ከዚያ ከቅንድቧ በላይ፣ በግራ በኩል ብቻ፣ ውሃ የቋጠሩ ቁስሎች ተደርድረው ወጡ። ልክ መሐል ግንባሯ ላይ ሲደርሱ አጥር እንዳገኘ ከብት ቆመዋል።

አከራያችን ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ግቢው ድሮ የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ከተማው መጥቶ ሲከባቸው መሬቱን ቆራርሰው ቤት ሠሩበት። ያን ጠዋት እንደልማዳቸው «አከም ቡልተን?» ብለው እንዴት አደራችሁ ሲሉን የባለቤቴን ፊት አዩ፤ ሰላምታውን ሳይጨርሱ አዴ የምንላቸውን ሚስታቸውን ጠሩ። አዴ መጡና ገና ከሩቅ ፈረዱ።

«ሸረሪት ሸናባት!»

በእኛ አገር ይህ ቃል ከተነገረ ነገር አለቀ። በገላ አንድ ጎን ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ተደርድሮ ከወጣ፣ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የት ግድግዳ ሥር ነበር የተኛሽው ነው የሚባለው። ባለቤቴ ደግሞ ግድግዳ መፈለግ አላስፈለጋትም።

«እኔ ራሴ ተሰምቶኛል» አለች። «በዚህ ነው የሄደችው። ልክ በዚህ።» በጣቷ አሳየች። ጣቷ የሄደበት መንገድና ቁስሉ የሄደበት መንገድ አንድ ነበር። እንዲህ ያለ ምስክር ያለው ክስ እኔ አይቼ አላውቅም።

ኦቦ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኛ ሰሪቲ ብትሆን ቀላል ነበር» አሉ፤ ሰሪቲ የሚሉት ሸረሪትን ነው። «የእኛዋን መድኃኒቷን አውቃለሁ። ይቺ የፈረንጅ ናት አላላችሁም? የፈረንጇን ሂን ቤኩ! እሱን አላውቅም።»

«ሽንት ያው ሽንት አይደል፣ ኦቦ?» አልኳቸው።

«አንተ ነጋዴ ነህ፤ የአገር ውስጥና የውጭ ዕቃ አንድ ነው ትለኛለህ?»

ለደንበኞቼ ስንት ጊዜ የነገርኩትን ነው መልሰው የነገሩኝ።

ጤና ጣቢያው ከግቢያችን ሩቅ አይደለም። ወደዚያ እንሂድ ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ እንቢ ያሉት ግን ሁሉም ናቸው፤ ከሁሉም በላይ እሷ። «መርፌ አይወድም» አለች። ለዚህ አገር ሰው መቼም ይህን ማስረዳት አይቸግርም። መርፌ የሚወድ በሽታ አለ፣ መርፌ የማይወድ በሽታ አለ። የማይወደው ከተወጋ ይቆጣል፤ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይገድላል። የእከሌ እናት ተወግታ ሞተች፣ የእከሌ ወንድም ተወግቶ አላደረም እየተባለ አንድ ማስረጃ ለሁሉም ጎረቤት ይዳረሳል። የሸረሪት ሽንት ከማይወዱት አንደኛው ነው። «ሐኪም ደግሞ ሳይወጋ አይሸኝም» አሉ አዴ። እኔም የጤና ጣቢያውን ነገር ተውኩት። እውነት መስሎኝ ነበርና።

አዴ ሱሉልታ የምትኖር አክስት ነበረቻቸው፤ ለሸረሪት መድኃኒት የምታውቅ። ስልክ ተደወለላት። አሮጊቷ ጉዳዩን ሰምታ የፈረንጅ መሆኗ ሲነገራት «ራሷን ሸረሪቷን ይዛችሁ ኑ» አለች። ጠባይዋን ካላየሁ አልችልም ነው ነገሩ።

ስለዚህ ሸረሪት ፍለጋ ገባን። ያን ሁሉ የከመርኩትን ላስቲክ አንድ በአንድ ገለጥኩት። ሳጥኖቹን አነሳሁ፣ አራገፍኩ፣ መልሼ አነሳሁ። ግቢው የፈረሰ ሠርግ ቤት መሰለ። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ግራ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና፣ በቀኟ ታዝዘኛለች። «ከሥሩ! ከሥሩ እይ እንጂ ከላይ ምን ታያለህ?» ስፈልግ ዋልኩ፣ በማግስቱም ደገምኩ፣ ፊቷም በመሐሉ አበጠ። ብርሃን ወጋኝ እያለች ፊቷን ወደ በሩ ጥላ መለሰች። አሁን ሳስበው ያ ጊዜ ነው የሚቆጨኝ። ያን ያህል ትጋት ለሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ ስንት ያሠራ ነበር።

በመጨረሻ አንድ የተሰነጠቀ ሳጥን ሥር አገኘኋት። እንክብሏ የለችም። ጀርባዋ ላይ ግን የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ጫጩቶች ተጨናንቀው ተቀምጠዋል፤ እርስ በርስ ተደራርበው፣ ከሥራቸው እናት መኖሯ እንኳ እስኪያጠራጥር። የማርማላታ ጠርሙስ ይዤ ስጠጋ ባለቤቴ ከደረጃው ተነስታ መጣች።

«ቀስ!» አለችኝ። «ልጆቿ ይረግፉባታል።»

«አሁን የምታዝኚላት አንቺ ነሽ?»

«እሷ ምን አደረገች? እኔ አይደለሁ ቤቷን ገልብጬ ያመጣኋት።»

ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ አዲስ አበባን ማቋረጥ ነው። ጠርሙሱን ታቅፌ፣ እሷን ደግፌ፣ ከሚኒባስ ሚኒባስ እየቀየርን አዲሱ ገበያ ደረስን። ከዚያ ሱሉልታ የሚወጣው ላይ ስንቀመጥ አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ ጠርሙሱን አየ።

«ምንድን ነው ወንድም? ማር ነው?»

«ሸረሪት ናት።»

«ሸረሪት? የት ትወስዳታለህ?»

«ባለቤቴ ላይ ሸንታ ነው።»

ሰውየው ባለቤቴን አየ፤ ጠርሙሱን አየ። «እና ታስራ ነው?»

«ተከሳሽ ናት» አልኩ። «ሱሉልታ ችሎት አለን።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ጠበቃስ አላት?» አለች፤ ረዳቱ ቀበል አድርጎ «የተሳፈረችው ከነቤተሰቧ ነው፣ ሒሳብ ይከፈልላት!» አለ። ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴም ነጠላዋ ሥር ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁና ሳቀች ብዬ ደስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳያት ግን እያለቀሰች ነበር። ዳገቱን ስንወጣ፣ ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር፣ ግንባሯን ከመስኮቱ ታርቅና ጥርሷን ትነክሳለች።

የአሮጊቷ ቤት ከጀርባው የድርቆሽ ክምር ነበረበት፤ ላዩ ላይ ያለው ላስቲክ የእኔ ነው። ይህን እንኳ ለማየት ጊዜ አገኘሁ፤ ነጋዴ መቼም አይድንም። ሴትየዋ ደግ ናት፤ ክፉ ናት ብዬ ልጽፍ አልችልም። ባለቤቴን ፀሐይ የማይገባበት ጥግ አስቀመጠቻት፤ ወተት ሰጠቻት፤ እጇን ይዛ «አይዞሽ የእኔ እናት» አለቻት። ከዚያ ጠርሙሱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ይቺ ናት?»

«ናት» አለች ባለቤቴ።

«ትንሽ ናት።»

«ትንሽ ናት፣ እማማ።»

አሮጊቷ ለመድኃኒቱ የቀጠፈችውን ቅጠል ወፍጮ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ጠርሙሱን በላዩ ገለበጠችው። ባለቤቴ ድንገት «ልጆቹንም ነው?» አለች።

«የእባብ ልጅ እባብ ነው፣ ልጄ» አለች አሮጊቷ፤ ክፋት በሌለበት ድምፅ። ከዚያ በመጁ ጫነችው። ጥቂቶቹ በድንጋዩ ጠርዝ ሮጠው መሬት ላይ ተበተኑ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የተቀጠቀጠው አረንጓዴ ነገር ከግንባሯ እስከ ዓይኗ ቆብ ተለጠፈ። «ውሃ እንዳይነካሽ» ተባለች። «ፀሐይም። ደግሞ መርፌ፣ መርፌ እንዳታስነኪው።»

ስንመለስ ቀለል ብሎኛል አለች። እኔም አመንኳት። ሰው ዋጋ የከፈለበት ነገር ሳይጠቅመው ሲቀር ቶሎ አያምንም፤ ይህን ከዕቃ ገዢዎች ፊት ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የራሴን ፊት ግን ማን ያሳየኝ።

ቁስሉ ወደ አፍንጫዋ ወረደ፤ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ወጣ። ዓይኗ ቀልቶ ተዘጋ። ኦቦ እየመጡ ያዩና «እየወጣ ነው፣ ውጭ ውጭውን እየወጣ ነው» ይሉናል። መውጣቱ ጥሩ ነው ተብሎ ነበር።

አንድ ቀን ቡራዩ ለብሎኬት አምራች ላስቲክ ላደርስ ሄድኩ። ካወረድን በኋላ መንገድ ዳር ካለው ፋርማሲ ገባሁ፤ የሚያስታግስላት ነገር ልገዛ ብዬ ነው። ባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ሴት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ሸረሪት ሸንታባት።»

«ምኗ ላይ?»

«ግንባሯ ላይ። በግራ።»

መድኃኒት ልታወርድ የዘረጋችውን እጇን መለሰች። «ዓይኗስ?»

«ቀልቷል። አትገልጠውም።»

«አፍንጫዋ ጫፍ ላይስ ወጥቷል?»

«አዎ። በምን አወቅሽ?»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። አልጮኸችም። «ወንድሜ፣ ይሄ አልማዝ ባለጭራ የሚሉት ነው። ዓይን ላይ ከመጣ ያጠፋል። ዛሬ፣ አሁን፣ ዓይን ሐኪም ጋ ውሰዳት።»

«መርፌ አይወድም» አልኳት። ልብ በሉ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ገበያ ውስጥ ማንም አያታልለኝም የምለው ሰው።

«መርፌ ማን አለህ? መድኃኒቱ ክኒን ነው።»

ክኒን ነው። ከቡራዩ እስከ ሰበታ ያን ቃል ይዤ ሄድኩ። ለመርፌው ስንቱን መልስ አዘጋጅተን ነበር። ክኒን የሚጠላ በሽታ እስከዛሬ ሰምቼ አላውቅም።

ዓይን ሐኪሙ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የሚሠራ ረጋ ያለ ሰው ነው። ቅጠሉን በጨው ውሃ እያረጠበ አነሳላት። አገጯን ማሽኑ ላይ አስደግፎ በብርሃን አየ፤ መልሶ አየ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኛ ጎትቶ ተቀመጠ። ሐኪም ወንበሩን ሲጎትት ጥሩ ነገር አይናገርም።

«ልጅ ሆነሽ ጉድፍ ይዞሽ ያውቃል?» አላት።

«ይዞኛል። እህቶቼን ሁሉ ይዟል።»

«ያ ነው ይሄ። ያን ጊዜ ዳንሽ እንጂ ከገላሽ አልወጣም። ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አሁን ተነሳ፤ በነርቩ መንገድ ግንባርሽ ላይ ወጣ፤ ዓይንሽም ውስጥ ገባ።»

ባለቤቴ ጣቷን ወደ ግራ ቅንድቧ አነሳች። «እሷ አይደለችም ማለት ነው?»

ሐኪሙ እኔን አየኝ፤ የቤት ጠብ መስሎት መሰለኝ። «እሷ ማን ናት?»

«ሸረሪቷ።»

«ሸረሪት ሸንታ እንዲህ አታደርግም። በዚህ በሽታ ስሟ ይነሳል እንጂ እጇ የለበትም።»

«ግንባሬ ላይ ሄዳለች'ኮ። ተሰምቶኛል።»

«ሄዳ ይሆናል» አላት በለሆሳስ። «ተራምዳብሽ ሄደች፤ በቃ።»

ክኒኑን አዘዘ፤ ጠብታም ጨመረ። እኔ በነጋዴ ወግ ቁርጡን ንገረን አልኩት። መጀመሪያ ሰሞን ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀመረና ባለቤቴን አይቶ አቆመው። ያልጨረሰውን እኔ ስጨርሰው ኖርኩ። ቁስሉ ደረቀ፤ እብጠቱ ጎደለ፤ ዓይኗም ተገለጠ። ብሌኑ ላይ ግን ነጭ ጭጋግ ቀረ፤ ጠዋት እንጦጦ ላይ እንደሚያርፈው ዓይነት፣ ልዩነቱ ይሄኛው ፀሐይ ሲወጣ አይገፈፍም። በግራ ዓይኗ ብርሃን መኖሩን ታውቃለች፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ሕመሙም ሙሉ በሙሉ አልሄደም። እስከዛሬ ፀጉሯን ስታበጥር በቀኝ በኩል ታበጥርና ግራውን በመዳፏ ደበስ አድርጋ ትተወዋለች።

ሰፈሩ ሐኪሙን አልተቀበለውም። «እሱ የፈረንጇን ሸረሪት የት ያውቃታል?» አሉ ኦቦ፤ በእውነት አዝነው ነው። አዴ መጥተው አጠገቧ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ሲነሱ ግን «ያቺ የተረገመች» ብለው የረገሙት ሸረሪቷን ነው። ወሬው ከሰበታ እስከ ተጂ ደረሰ። የችግኝ ሳጥኖቹን የሚገዛኝ ጠፋ። የማያውቁኝ ሰዎች ሳይቀሩ ከእርሻው አካባቢ ተጠንቀቁ፣ ዓይን የምታጠፋ የፈረንጅ ሸረሪት ገብታለች ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ታርም ነበር። «ጉድፍ ነው፣ ሸረሪቷ ምንም አላደረገችም» ትላለች። እነሱም አንገታቸውን ነቅንቀው፣ ምስኪን፣ ይሏታል። በኋላ መናገሩን ተወችው።

ላስቲኩን አሁን ከሥር ገብቼ የማየው እኔ ነኝ። ድርቆሽ ነጋዴዎቹ «እመቤቲቱ አይታዋለች?» ሲሉኝ «የለም፣ እኔ ነኝ ያየሁት» እላለሁ። ያኔ ዘርግተው ያዩታል፤ የሳትኩትንም ያገኛሉ። እሷ ጥቅሉን ታስራለች፤ ሲኒ ስትቀዳ ጠርዙን በጣቷ ቀድማ ትነካለች። አንድ ሰው ከግራዋ መጥቶ ሲያናግራት ትደነግጣለች፤ ከዚያ ስለመደንገጧ ይቅርታ ትጠይቃለች። ይህን ይቅርታ መስማት አልለመድኩም።

ከግቢያችን ወጥተን ገበያ ለመሄድ የጅማውን መንገድ መሻገር አለብን። የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ አያባራም። መጀመሪያ ጊዜ ከክሊኒክ የተመለስን ሰሞን፣ እጇን ይዤ ግራውን አየሁና «ነፃ ነው፣ ነይ» አልኳት። አልተነቃነቀችም።

«መንገዱ ነፃ ነው አልኩሽ'ኮ።»

«ሰማሁ» አለችኝ። እጇን ከእጄ አወጣች። ከዚያ አንገቷን ሙሉ ለሙሉ ወደ ግራ አዞረች፤ አገጯ ትከሻዋ ላይ እስኪደርስ፣ ቀኝ ዓይኗ ግራውን መንገድ እስክታገኝ ድረስ። እሷ ዞራ እስክታይ ነፃ የነበረው መንገድ ተይዞ ነበር። አንድ ሲኖትራክ እየጮኸ አለፈ፤ ቀሚሷን በአቧራ ሞላው። እሷ እንደገና አንገቷን አዞረች።

«እኔን አታምኚኝም?» አልኳት።

«ስላንተ አይደለም» አለች። «ማንም ነገረኝ ብዬ ከእንግዲህ አልሻገርም። ተሰማኝም ብዬ። አይቼ ነው።»

ስለዚህ መንገድ ዳር ቆመን እንጠብቃለን። የባጃጅ ሾፌሮች ያፏጩብናል፤ የሚያውቁን «እነዚህ ደግሞ ዛሬም ሳይሻገሩ ሊመሽባቸው ነው» ይላሉ። እኔ ግራውን አይቼ ነፃ መሆኑን አውቃለሁ፤ አልናገርም። እሷ አንገቷን ታዞራለች፤ ትመልሳለች፤ ደግማ ታዞራለች። አይታ ስትጨርስ ቀድማኝ ትራመዳለች።